የተቀመጠ ዳክዬ አይተኮስም

ዳክዬ አዳኝ ነበርኩ ስል እዚሁ ቡታጅራ ውስጥ እንኳ የሚስቁብኝ አሉ። «ምነው፣ ዶሮ ጠፍቶ ነው?» ይሉኛል። አደን ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አንበሳና ጎሽ ነው። ዳክዬ የሚያድን ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ይሳቁ፤ አልቀየማቸውም። የምነግራችሁ ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። እኔም እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አወል እባላለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። አደን ያስተማረኝ አጎቴ ሀጂ ኑሪ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወርደው በኮረኮንች ትንሽ እንደሄዱ የሚገኝ ረግረግ አለ። ክረምት ያቆረውን ውሃ በበጋው ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ዝናቡ ሲያባራ ዳክዬዎች ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ ውሃውን ይሞሉታል። አጎቴ በወጣትነቱ ረሽ ገዝቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ እዚያ ያድን ነበር። ረሽ ጥይቱ ሲወጣ ጥቃቅን እርሳስ እየሆነ የሚበተን የወፍ ጠመንጃ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ፈቃዱም ጠመንጃውም ወደ እኔ ዞረ።

ጠመንጃውን ከመስጠቱ በፊት ግን ሕጉን አስጠናኝ። «የተቀመጠ ዳክዬ አይተኮስም» ይለኝ ነበር። «አጨብጭብና ይነሳ። ክንፉን ከዘረጋ እሱም ዕድሉን ያገኛል፣ ያንተም አፈሙዝ ወደ ሰማይ ይሆናል።» ያቆሰልኳትን ወፍ ሳላገኝ ሌላ መተኮስ ክልክል ነበር። ጎጆ በሚሠሩበት ወራት ጠመንጃው ከሳጥኑ አይወጣም። የማይበላ ነገር አይገደልም። ስተኩስ ቢስሚላህ፣ በሕይወት ካገኘኋት ደግሞ ወዲያው ማረድ። አንድ ቀን ውሃ ላይ በተኛ መንጋ ላይ ሲያነጣጥር ያየውን ሰው ሰላምታ እንደነፈገው ራሱ ነግሮኛል።

ታላቅ ወንድሜ ሸረፋ በአዲስ አበባ መውጫ በኩል የእንግዳ ማረፊያ እያስገነባ ነበር። በሽርክና አብሮት የገባው ኢንጂነር ብሩክ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሕንፃው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ሸረፋ እጁ አጠረው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የሚንቀሳቀሰው ኢንጂነሩ ደስ ባለው መጠን ሆነ። አንድ ሐሙስ ሸረፋ ደወለልኝ።

«ኢንጂነር ቅዳሜ ይመጣል። ዳክዬ ማደን አምሮታል፤ ይዘኸው ትወጣለህ።»

«ፈቃድ አለው?»

«አለኝ ብሏል። ደግሞ አደራህን፣ እንደ ተማሪዎችህ ፊሽካ እንዳትነፋበት።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ደስ ይላል። ተጫዋች ነው፤ ሰውን አክብሮ ያናግራል። አጎቴን ሊጠይቅ ቤቱ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ያመጣለትንም ማር በሁለት እጁ ሰጠው። አጎቴ መረቀው። «አላህ መንገዳችሁን ያቅናው» ብሎ ሸረፋንም ጨምሮ ሦስታችንን ሸኘን። ብሩክ የያዘው አዲስ፣ በላይ በላዩ የሚተኩስ ረሽ ነበር። የእኔን አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ አይቶ «ይቺማ ሙዚየም ናት» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ረግረጉ ዳር መኪናውን እንዳቆምን መጀመሪያ ያየሁት የታሰረ ቄጠማ ነው። ትኩስ የታጨደ፣ ጠል ያልለቀቀው፣ ነዶ ነዶ ሆኖ ዳር ላይ ተደርድሯል። የከተማው ሴቶች ለገበያ የሚያጭዱት ነው።

«ኢንጂነር» አልኩት፣ «እዚያ ማዶ ጥቅጥቅ ካለው ቄጠማ ውስጥ ሰው አለ። ሲያጎነብሱ አይታዩም። ወደዚያ አቅጣጫ ዝቅ አድርገን አንተኩስም፣ እሺ?»

«እሺ፣ እሺ፣ ችግር የለም።»

ዳክዬዎቹ ቅርብ ነበሩ። አንገታቸውን ክንፋቸው ውስጥ የቀበሩ ነበሩባቸው። «ቆይ፣ ላስነሳቸው» ብዬ ለማጨብጨብ እጄን ሳነሳ ከጎኔ ጠመንጃው ጮኸ። ደጋገመው። ውሃው ተናወጠ። የዳኑት ተነስተው በረሩ፤ የቀሩት ተንሳፈፉ። አንዷ ክንፏ ተሰብሮ ውሃውን እየገረፈች ወደ ሳሩ ገባች።

«ኢንጂነር፣ ተቀምጠው እኮ ነው የመታሃቸው።»

«ታዲያስ? መምታት ነው ቁም ነገሩ!»

«የቆሰለችዋን እንፈልጋት።»

«አቦ ተዋት! ስንት ዳክዬ እያለ?»

ሸረፋ ከብሩክ ጀርባ ቆሞ በዓይኑ ለመነኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። ፈልጌ ፈልጌ ሣር ሥር ተወሽቃ አገኘኋት። አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ቢስሚላህ ብዬ አረድኳትና ይዣት ስመለስ ብሩክና ሸረፋ የሞቱትን የመኪናው ፊት ላይ ደርድረው ፎቶ ይነሳሉ። ብሩክ አንዷን አንገቷን ይዞ ቀጥ አድርጓታል።

«ማነው ይሄን ሁሉ የሚበላው?» አልኩ።

«እኔማ ዳክዬ አልበላም» አለ ብሩክ፣ ስልኩን እያየ። «ለፎቶ ነው። ለሠራተኞች ስጧቸው።»

ሸረፋን ጎትቼ ከመኪናው ጀርባ ወሰድኩት። «በቃ፣ እንመለስ። ይሄ አደን አይደለም።»

«ዝም በል አንተ!» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። «አንተ ስለ ወፍ ታወራለህ፣ እኔ ያለኝን ሁሉ ያፈሰስኩበት ሕንፃ ብረቱ ፀሐይ ላይ እየዛገ ነው። አንድ ጠዋት መታገስ ያቅትሃል?»

ጥያቸው መሄድ እችል ነበር። ነገር ግን ያንን ጠመንጃ የያዘ ሰው ሴቶች በሚያጭዱበት ቦታ ብቻውን መተው አልሆንልኝ አለ። ቆየሁ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሌላ መንጋ መጣ። ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ ከማዶ፣ ከቄጠማው ፊት ለፊት ውሃው ላይ አረፈ። ብሩክ ተንበረከከ። እኔ በዝግታ ተጠግቼ እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ።

«ከኋላቸው ቄጠማው ነው። ሰው አለ ብዬሃለሁ። እስኪነሱ ቆይ።»

ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። «ከተነሱማ መች አገኛቸዋለሁ?»

ተኮሰ።

እርሳሱ ውሃው ላይ እየነጠረ፣ ዝናብ መሬት ሲመታ እንደሚያደርገው ውሃውን እያፈናጠረ ቄጠማው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ወፎቹ እየተንጫጩ ተነሱ። ጩኸታቸው ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ዓይኔን! ያ አላህ፣ ዓይኔን!»

ከሁላችንም ቀድሞ የሮጠው ብሩክ ነው፤ ይሄን አልደብቅም። ጠመንጃውን ጥሎ፣ በዚያ አዲስ ልብሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ እየወደቀ እየተነሳ ደረሰላት። ስደርስ ጀርባው ላይ አዝሏት እንደ ልጅ ያለቅሳል። ረህመት ነበረች። በገበያ ቀን ቄጠማ ስትሸጥ አውቃታለሁ። ግራ ዓይኗን በእጇ ጨብጣለች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል። በሌላ እጇ ማጭዷን አልለቀቀችም።

መኪናውን ሸረፋ ያዘ። ብሩክ ከፊት፣ እኔና ረህመት ከኋላ። ሻሿን አጥፌ ዓይኗ ላይ ደግፌ ያዝኩላት። ድምፅ አታሰማም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ገና ኮረኮንቹን ሳንጨርስ ብሩክ መናገር ጀመረ። «ድንገት ብድግ አለች… አይደል? ድንገት ነው ብድግ ያለችው።»

ሸረፋ መንገዱን እያየ «አዎ» አለ። «ዳክዬዋም ተነስታ ነበር።»

«አየር ላይ ነበረች።»

«አየር ላይ ነበረች። እሷ ሳትታይ ቆይታ ብድግ ስትል ነው።»

እኔ ከኋላ እጄን ደም እየነካው እሰማለሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ታሪኩ ተሠርቶ አልቆ ነበር።

ሐኪሙ የትከሻዋንና የጉንጯን እርሳስ አወጣላት። ስለ ዓይኗ ግን «አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ ተስፋ ግን ብዙ አልሰጣችሁም» አለን። ባሏ ከድር ከእርሻ እየሮጠ መጣ። እግሩ ላይ ጭቃ አለ። ማንንም አልተሳደበም። ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ አለና መሬት መሬት አየ። ቢጮህብን ይሻለኝ ነበር።

ፖሊስ ቃል ሲቀበል ብሩክና ሸረፋ በመኪና ውስጥ የሰማሁትን ቃል በቃል ተናገሩ። ተራዬ ከመድረሱ በፊት ሸረፋ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ዳክዬዋ አየር ላይ ነበረች ትላለህ። አለቀ። ሕክምናዋን ሙሉ በሙሉ ይችላል፤ ሴትዮዋ የሚቀርባት ነገር የለም።»

«የሚቀርባት ነገር የለም? አየር ላይ ነበረች ካልን እኮ ጥፋቱ የሷ ሊሆን ነው! ተደብቃ ብድግ ያለች ሊያስመስሏት ነው!»

«እሷ ምን ትሆናለች? ማን ያስራታል? እሱ ግን ይታሰራል። እሱ ከታሰረ እኔ አለቅሁ።»

«ሸረፋ፣ ሰው አለ ብዬ ነግሬዋለሁ። አንተም ሰምተሃል።»

«አልሰማሁም» አለኝ ወንድሜ፣ ዓይኔን እያየ።

ገብቼ ያየሁትን ተናገርኩ። ወፎቹ ተቀምጠው ነበር፤ አስጠንቅቄዋለሁ፤ አፈሙዙ ወደ ቄጠማው ነበር። ፖሊሱ እየጻፈ ቀና ብሎ «ወንድምህ ሌላ ነው ያለው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌ ፊት ማለፉ አይቀርም፤ በበጎ ጎኑም አይቼዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጎቴ ሀጂ ኑሪ ነው። ይሄን ስሰማ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ሕጉን ያስተማረኝ ሰው እዚያ ተቀምጦ ውሸት አያልፍም ብዬ ተማመንኩ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሰዎቹ ሳይሰበሰቡ አጎቴ ጠራኝ። በዱላው መሬቱን እየጫረ ቆየ።

«አወልዬ» አለኝ፣ «ዛሬ ብዙ አትናገር።»

«ምን ማለት ነው አባባ?»

«ግራ ገባኝ በል። ፀሐይ ዓይኔ ላይ ነበር በል። አንድ እናት ነው ያላችሁ። ቤት አይፍረስ።»

«የተቀመጠ አይተኮስም ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ? ሰው ሰላምታ የነፈግኸው በምን ነበር?»

«ያ አደን ነው ልጄ። ይሄ ኑሮ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት ጭቃ ያስገባኝ፣ አንዲት ወፍ ጥዬ እንዳልመጣ ከመንገድ የመለሰኝ ሰው!

ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ብሩክ አንገቱን ደፍቶ ታሪኩን ተናገረ። ሸረፋ አጸናለት። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ወደ ከድር ዞረው «ሚስትህ አዳኝ ባለበት ምን ልትሠራ ገባች? ድምፅ አታሰማም ነበር?» ብለው ጠየቁት። ከድር ማን እንደተመታበት የጠፋው ይመስል «አላውቅም አባቴ፣ እኔ እርሻ ነበርኩ» አለ። ድምፁ የጥፋተኛ ድምፅ ነበር።

ያኔ ተነሳሁ። ሸረፋ ልብሴን ያዘኝ፤ አስለቀቅሁት።

«ወላሂ» አልኩ፣ «ወፎቹ ውሃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው አለ ብዬ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ነግሬዋለሁ። ከተነሱ አላገኛቸውም ብሎ ተኮሰ። ያቺ ሴት ገብታ ስታጭድ ነው የደረስንባት፤ ቄጠማዋም ዳር ላይ ተቆልሎ ነበር። ሀጂ ኑሪ ይመስክሩ፤ ወፍ አየር ላይ ከሆነች እርሳስ ውሃ ላይ ይነጥራል?»

ሁሉም ወደ አጎቴ ዞሩ። አጎቴ ዱላውን አየ። «እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለ።

ብሩክ ቀና ብሎ አየኝ። አፉን ከፈት አደረገ፤ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። መልሶ ዘጋው።

ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው ተማክረው ተመለሱ። ጥፋቱ ከሁለቱም ወገን ነው ተባለ። እሱ አላስተዋለም፣ እሷም ድምፅ አላሰማችም። ብሩክ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍን፤ ይቅር ተባባሉ። ዱዓ ተደረገ። ከድር የብሩክን እጅ ጨበጠ። የፖሊሱም ጉዳይ ባለጉዳዮቹ ታርቀዋል ተብሎ ሲንከባለል ቆይቶ ተዳፈነ። ብሩክ ቃሉን ጠብቆ አሳከማት። ዓይኗ ግን አልዳነም።

እናንተ አንባቢዎች «እውነቱን ተናግረህ ሕሊናህ ዐረፈ» ትሉኝ ይሆናል። አላረፈም። ሸረፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግረኝም። በአረፋ እናታችን ቤት ለምሳ ስንቀመጥ የእጅ ውሃውን እኔን አሳልፎ ለጎረቤት ይሰጣል። እናቴ በመሃላችን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጠመንጃውን ለመንግሥት አስረከብኩ። አጎቴን እጠይቀዋለሁ፣ እጁን እስማለሁ፤ ስለ አደን ግን አናወራም።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። ከአደጋው በኋላ ቀበሌው እርምጃ ወሰደ ተባለ። ምን እርምጃ መሰላችሁ? ወደ ረግረጉ ማንም ሰው እንዳይገባ ከለከለ። አዳኝ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ሴቶቹ የሚያጭዱት በየሳምንቱ። የተተኮሰባቸው ተከለከሉ ማለት ነው። የአዲስ አበባ መኪኖች በማዶ ባለው መንገድ ገብተው ሲተኩሱ ግን ዛሬም ይሰማል፤ ያለ ፈቃድ ይሁን በፈቃድ የሚጠይቃቸው አላየሁም። ለሴቶቹ ልናገር ቀበሌ ተመላልሻለሁ። «ነገ ና»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ነው»፣ «አንተን ምን አገባህ?» ሰልችቶኛል።

ያ ጠዋት ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ስለ ደንብ ያለኝን ሐሳብ ነው። አደን ከኳስ የሚለየው ዳኛ ስለሌለው ነው። ወፏ ሕጉን አታውቅም፤ ብታውቅም አቤት የምትልበት የላትም። ሕጉን የሚጠብቀው ጠመንጃ የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ካልፈለገ ሕግ የለም። ለወፍ የማይቆም ሰው ለሰው ይቆማል ብዬ አላምንም ነበር፤ ያ እውነት ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ ግን ለወፍ ሲቆም ኖሮ ለሰው ሲሆን ተቀመጠ። ይሄኛውን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ወገኖቼ፣ ደንብ ለምን እንደተሠራ ካልነገርናቸው ልጆቻችን ደንቡን ይይዙና ሰውየውን ይጥሉታል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ረህመትን ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አንገቷን ወደ ግራ ዞር አድርጋ ነው አሁን ሰው የምታየው። ስለ ቀበሌው እንደደከመኝ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ እንደተናደድኩ አወራሁላት። ጎመኑን እየቀነጠሰች ሰማችኝ።

«አወል» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ አይቻቸው ነበር።»

«እነማንን?»

«ዳክዬዎቹን። ፊቴ መጥተው ሲያርፉ ደስ ብሎኝ ማጨዴን ትቼ እያየኋቸው ነበር። እንዳላስደነግጣቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አልተነሱም። ተቀምጠው ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልተናገርሽም?»

ጎመኑን አስቀመጠች። «ማን ጠየቀኝ? ፖሊሱ ከድርን ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ከድርን ጠየቁ። አንተም ስንቴ መጣህ፤ ስለ እኔ ትናገራለህ እንጂ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«ነገ አብረን ቀበሌ እንሂድ» አልኳት።

በማግስቱ አብረን ቀበሌ ሄድን። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ። እንደ ዕድል ኃላፊው ነበሩ። ገና ስንገባ «አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር አወል! ዛሬም ያው ጉዳይ ነው?» ብለው ለእኔ ወንበር ሳቡ። ወንበሩን ለእሷ አዞርኩት። ተቀመጠች። ኃላፊው ከእኔ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ እስክሪብቷቸውን አነሱና ጠየቁኝ።

«እና… ምን ትላለች?»

«እዚሁ ናት» አልኳቸው። «እሷን ይጠይቋት።»